ፍሬን ስይዝ የፊት ጎማዬ «ቋ» ይላል፤ ማንሻውን አውጥቼ ዳዶ ላስገባ?

ጥያቄ፦ «የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ከአውሮፓ የመጣ፣ ያገለገለ፣ በፊትም በኋላም ዲስክ ፍሬን ያለው ማውንቴን ባይክ ገዛሁ። ቀድሞ የነበረኝ ፊኒክስ ብስክሌት ስለሆነ ጎማ የምፈታውም የማስረውም በ15 ቁልፍ ነበር። ይሄኛው በዳዶ ፋንታ ማንሻ ነው ያለው። ካላማዳሪያ ስቀይር ማንሻውን እያዞርኩ እስኪበቃው ድረስ አጠበቅኩት። ከዚያ ወዲህ የፊት ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከታች ‹ቋ› የሚል ድምፅ ይሰማኛል፤ ዲስኩም ፓዱን (የፍሬን ሸራውን) ይነካካል። አንድ ጠጋኝ የፍሬኑን ብሎኖች አላልቶ አስተካከለልኝ፤ በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። ሌላው ደግሞ ጎማው ቶሎ እንዲወጣ የሹካውን ጫፍ ጉብታ በሞረድ እንብላው ይለኛል። ብስክሌቱን ውጭ ስለማቆመው ስርቆትም ያሳስበኛል። ማንሻውን አውጥቼ በዳዶ ብቀይረው ሁሉም ነገር አይፈታም?»

ምላሽ፦ ማንሻው ዳዶ አይደለም። ድምፁም፣ የዲስኩ መነካካትም፣ የመጀመሪያው ጠጋኝ ሥራ ሁለት ቀን አለመቆየቱም ከዚህ አንድ ስህተት የመጡ ይመስላሉ። ማንሻውን ከታች በተጻፈው መንገድ እስኪዘጉት ድረስ ብስክሌቱን አይንዱት። ሞረዱንም ያስቀምጡት፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ክዊክ ሪሊዝ የሚባለው ይህ ዕቃ የሚሠራው እንዲህ ነው። የጎማው አክስል ውስጡ ክፍት ቱቦ ነው። በቱቦው ውስጥ 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ዘንግ ታልፋለች፤ በአንድ ጫፏ ማንሻው፣ በሌላው ጫፏ ትንሽ ዳዶ አለ። ማንሻው ሥር ደግሞ ካም አለ፤ መሃሉን ስቶ የሚሽከረከር ክብ ማለት ነው። ማንሻው ከተከፈተበት ወደ ተዘጋበት ሲገለበጥ ካሙ ዘንጓን ይስባታል፤ ማንሻውና ዳዶው ሁለቱን የሹካ ጫፎች ከግራና ከቀኝ ይጨምቃሉ። አክስሉ የሚገባበትን፣ ወደ ታች የተከፈተውን የሹካ ጫፍ ከዚህ በኋላ «አፍ» እለዋለሁ። ጎማው ከአፉ እንዳይወጣ የሚይዘው ያ ጭመቃና ከጭመቃው የሚመጣው ሰበቃ ነው። ዘንጓ ራሷ የእርስዎን ክብደት አትሸከምም።

ማንሻውን እንደ ውሃ ቧንቧ ሲያዞሩት ካሙ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። የሚያገኙት ጥብቀት የጣትዎን አቅም ያህል ብቻ ነው፤ ካሙ ከሚሰጠው ጋር አይወዳደርም። ድሮ ተወዳዳሪዎች ጎማቸውን በቢራቢሮ ዳዶ ያስሩ ነበር። ጣሊያናዊው ቱሊዮ ካምፓኞሎ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ባለ ካሙን ማንሻ ያስተዋወቀው ከዚያ ጣጣ ለመገላገል ነው። ማንሻውን ያዞረ ሰው ዕቃውን መልሶ ቢራቢሮ ዳዶ አደረገው።

አዘጋጉ ይህ ነው። ማንሻውን ሙሉ በሙሉ ይክፈቱት፤ ብዙዎቹ ላይ በአንዱ ገጽ መክፈቻ፣ በሌላው መዝጊያ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሲዘጋ የጎበጠው ጀርባው ወደ ውጭ ይሆናል። በአንድ እጅ ማንሻውን እንደተከፈተ ይያዙ፣ በሌላው እጅ ከወዲያ በኩል ያለችውን ዳዶ ያዙሩ። የሚዞረው ዳዶው ነው። ዳዶው የሹካውን ጫፍ ሲነካ ያቁሙና ማንሻውን ለመዝጋት ይሞክሩ። ማንሻው ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ፣ ማለትም ከአክስሉ ጋር በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ ወደ ውጭ ሲቆም፣ መክበድ መጀመር አለበት። ከዚያ በኋላ ያለውን ግማሽ በመዳፍዎ ሲገፉት መዳፍዎ ላይ ምልክት ትቶ መዘጋት አለበት። በአንድ ጣት ከተዘጋ ላልቷል፤ ይክፈቱት፣ ዳዶውን ሩብ ዙር ያጥብቁ፣ እንደገና ይዝጉ። በሙሉ ጉልበት ገፍተውትም መንገድ ላይ ከቀረ ደግሞ ሩብ ዙር ያላሉ። ማንሻውን በመዶሻ ወይም በቱቦ አስረዝሞ መዝጋት ካሙን ይሰነጥቃል፤ ዘንጓንም ሊበጥስ ይችላል። ካሙ ደርቆ ከከበደ ግን መፍትሔው አንድ ጠብታ ዘይት ነው። ዘይቱ ዲስኩን ስለሚያበላሽ ዘንጓን ከጎማው አውጥተው ይቀቡት።

በዘንጓ ላይ ሁለት ትንንሽ ሞላዎች አሉ፣ ቅርጻቸው እንደ ሾጣጣ ባርኔጣ ነው። ጠባቡ ጫፋቸው ወደ ውስጥ፣ ወደ አክስሉ ይዞራል። ተገልብጠው ከገቡ ሰፊው ጫፍ በሹካውና በማንሻው መካከል ገብቶ ሊጨመቅ ይችላል፤ ያኔ ማንሻው የጠበቀ ይመስልዎታል፣ ጠብቆ ያለው ግን ሞላው ነው።

አሁን ወደ ድምፁ። ዲስክ ፍሬን ላይ የላላ ማንሻ ለምን ቶሎ ራሱን እንደሚያጋልጥ የኃይሉ አቅጣጫ ይነግረናል። ፓዱን የያዘው ካሊፐር በግራው የሹካ እግር ላይ፣ ከኋላ በኩል ተቀምጧል። ጎማው ወደፊት ሲሽከረከር ከአክስሉ ኋላ ያለው የዲስክ ክፍል ወደ ላይ ይሄዳል። ፓዱ ሲይዘው ወደ ታች ይገፋዋል። የሹካው አፍም የተከፈተው ወደ ታች ነው። መጠኑን ለመገመት፦ እርስዎና ብስክሌቱ 90 ኪሎ ትሆናላችሁ እንበል፣ በፊት ፍሬን ጠንከር አድርገው ያዙ፣ መሬቱ ጎማውን በ45 ኪሎ ያህል ኃይል ወደ ኋላ ጎተተው እንበል። የጎማው ጠርዝ ከመሃሉ 33 ሴንቲሜትር ይርቃል፤ በ160 ሚሊሜትር ዲስክ ላይ ፓዱ የሚይዝበት ቦታ ግን 7 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ብቻ። ስለዚህ ፓዱ ላይ ያለው ኃይል ከአራት እጥፍ በላይ፣ ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ይሆናል። መሬቱ ጎማውን ወደ ላይ የሚገፋበትን ቢቀንሱለት እንኳ ከ100 ኪሎ በላይ የሆነ ኃይል አክስሉን በግራ በኩል ከአፉ ለማስወጣት ይታገላል። በጣት የጠበቀ ዘንግ ይህን አይችልም። አክስሉ ትንሽ ይንሸራተትና «ቋ» ይላል፤ ፍሬኑን ሲለቁ ክብደትዎ መልሶ ያስቀምጠዋል። የሚሰሙት ድምፅ ይህ ነው። ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን ላይ ግን ኃይሉ አክስሉን ከአፉ የማውጣት ዝንባሌ ስለሌለው የላላ ማንሻ ለወራት ሳይታወቅ ይቆያል። ከዚያ አንድ ቀን ጉድጓድ ሲዘሉ ጎማው ከብስክሌቱ ይቀድማል።

ዲስኩ ፓዱን የሚነካካውም ከዚሁ የተነሣ ነው። አክስሉ በአንድ በኩል ግማሽ ሚሊሜትር ዝቅ ቢል ዲስኩ ያጋድላል፤ በፓዱና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የመጀመሪያው ጠጋኝ የሠራው ስህተት የተለመደ ነው፦ ጎማው ተዛንፎ ገብቶ ሳለ ካሊፐሩን ከተዛነፈው ዲስክ ጋር አስማማው። ጎማው በሚቀጥለው ጉዞ ሲንሸራተት ማስማማቱ ዋጋ አጣ። መጀመሪያ ጎማው በትክክል ይቀመጥ፣ ማንሻው ይዘጋ፤ ከዚያ በኋላም ከነካካ ብቻ ካሊፐሩ ይስተካከል። ማስተካከሉ ራሱ ቀላል ነው፤ ሁለቱን የካሊፐር ብሎኖች በ5 አለን ቁልፍ (ባለ ስድስት ማዕዘን ዘንግ ቁልፍ) ማላላት፣ የፍሬን እጀታውን ጨብጦ መያዝ፣ እንደያዙ ተራ በተራ ማጥበቅ።

ስለ ጉብታው። በሹካው አፍ ውጫዊ ገጽ ዙሪያ ያለው ትንሽ ከንፈር የፋብሪካ እንከን አይደለም። ማንሻው በስህተት ቢከፈት ወይም ቢላላ ጎማው ወዲያው እንዳይወድቅ ታስቦ የተሠራ ሁለተኛ መያዣ ነው። ማንሻውን ከፍተው ጎማው አልወጣ ያለዎት በእሱ ምክንያት ነው፤ ዳዶውን ከሦስት እስከ አምስት ዙር ማላላት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ስንት ዙር እንዳላሉ ይቁጠሩ፣ ሲመልሱ በዚያው ቁጥር ያጥብቁ፤ ማስተካከያው ከሞላ ጎደል ባለበት ይመለሳል። ለውድድር የሚቸኩሉ ሰዎች ከንፈሩን ሲሞርዱ ቆይተዋል፤ ዲስክ ፍሬን ባለው ሹካ ላይ ግን አሥር ሰከንድ ለማትረፍ የመጨረሻውን መያዣ መጣል ነው። ጠጋኙ ሞረዱን ካነሣ ብስክሌትዎን ይዘው ይውጡ።

ብስክሌቱ ያገለገለና ከውጭ የመጣ በመሆኑ አንድ ተጨማሪ ምርመራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 ትሬክ የተባለው አምራች አሜሪካ ውስጥ ብቻ 900 ሺህ ያህል ብስክሌቶችን ለጥገና ጠርቷል፤ በዚያው ዓመት ሌሎች 13 አምራቾችና አከፋፋዮች ከ1 ሚሊዮን በላይ ጨምረዋል። ችግሩ የፊት ማንሻው ሲከፈት ከግማሽ ዙር አልፎ ወደ ዲስኩ መጠጋቱ ነበር። ክፍት ሆኖ የቀረ ማንሻ በጉዞ ላይ ዲስኩ ውስጥ ከገባ ጎማው ባለበት ይደርቃል። አሜሪካና ካናዳ ያላችሁ አንባቢዎች ብስክሌታችሁ የዚያ ዘመን ከሆነ ይህን ምርመራ አትለፉት፤ ለዘመድ የምትልኩትንም ጭምር። ማንሻውን እስከ መጨረሻው ይክፈቱትና በማንሻውና በዲስኩ መካከል ያለውን ርቀት ይዩ። ቢያንስ 6 ሚሊሜትር፣ ማለትም የአንድ እርሳስ ውፍረት ያህል ካልሆነ ያ ማንሻ ይጣል። ማንሻው ደህና ቢሆንም እንኳ ዲስክ ባለው የፊት ጎማ ላይ ዘንጓን ገልብጠው ማንሻውን በቀኝ፣ ዲስክ በሌለበት በኩል ቢያደርጉት ይሻላል፤ የጋለ ዲስክ ጣት ማቃጠሉም ይቀራል።

የፊት ጎማውን ሲያወጡ ዲስኩ ትኩስ ከሆነ ይብረድ፣ በቅባት እጅ አይንኩት። ጎማው ከወጣ በኋላ የፍሬን እጀታውን አይጨብጡ። ፓዶቹ ይገጥማሉ፣ ዲስኩም አይገባም። ለጥንቃቄ በፓዶቹ መካከል የታጠፈ ካርቶን ይክተቱ። ከተጨበጠ ደግሞ ፓዶቹን በካቻቢቴ አይፈልቅቁ፤ የፕላስቲክ ጎማ ማውለቂያ ወይም የእንጨት ቁራጭ ይበቃል። ቸርኬውን በሚይዝ ፍሬን ላይ ከሆነ መጀመሪያ ፍሬኑን ይክፈቱ። ሲመልሱ መልሶ ማገናኘት ይረሳል፤ ይህን ከማንሻው ባልተናነሰ እፈራዋለሁ፣ ምክንያቱም የሚታወቀው የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ነው።

ጎማው ሲገባ ብስክሌቱ ቆሞ ይሁን። ብዙ ሰው ብስክሌቱን በመሪውና በኮርቻው ላይ ገልብጦ ነው የሚሠራው። ለማውጣቱ ግድ የለም፤ ማንሻውን መዝጋት ግን ብስክሌቱ በሁለት ጎማው መሬት ላይ ቆሞ ነው። ያን ጊዜ የሹካው ክብደት አክስሉን እስከ አፉ ጥልቅ ድረስ ያስቀምጠዋል። ተገልብጦ ሳለ ጎማው በአንድ በኩል አንድ ሚሊሜትር ተንሳፎ ሊጠብቅ ይችላል፣ ዓይንም አያየውም። ፍሬንዎ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ሌላም ምክንያት አለ፦ ተገልብጦ ሳለ በዘይት ማጠራቀሚያው ያለ አየር ወደ መስመሩ ሊገባ ይችላል፤ ካቆሙት በኋላ እጀታውን ደጋግመው ጨብጠው ካልጠነከረ አይውጡ። ዲስኩን በፓዶቹ መካከል እያዩ ያስገቡ፣ መሪውን ይዘው ወደ ታች ይጫኑት፣ ጎማው በሁለቱ የሹካ እግሮች እኩል መሃል መሆኑን ይዩ፣ ከዚያ ይዝጉ። የተዘጋው ማንሻ በሹካው እግር ትይዩ ወደ ላይ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ቢያጋድል ጥሩ ነው። ወደ ፊት ቀጥ ብሎ ከቀረ ቁጥቋጦ ወይም የሌላ ብስክሌት ራጂ (የጎማ ሽቦ) ይዞ ይከፍተዋል። መጨረሻ ላይ የፊቱን አንሥተው ጎማውን ከላይ በመዳፍዎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይምቱ፤ ፈቀቅ ማለት የለበትም።

ይህን ሁሉ አድርገውም «ቋ» ማለቱ ካልቆመ አክስሉን ይመርምሩ፤ ያገለገሉ ብስክሌቶች ላይ ብዙ ጊዜ ጎማው ከሌላ ብስክሌት የተዋሰ ነው። ጎማውን አፉ ውስጥ አስገብተው ዘንጓን ያውጡና የአክስሉን ጫፍ ከጎን ይዩት። ጫፉ ከሹካው ውጫዊ ገጽ ትንሽ ወደ ውስጥ ጠልቆ መቅረት አለበት። እኩል ከሆነ ወይም ወደ ውጭ ከወጣ ማንሻው የሚጨምቀው አክስሉን እንጂ ሹካውን አይደለም፤ መዳፍዎን የሚያሳምም ያህል ቢዘጉትም ጎማው አልታሰረም። ከስስ ብረት የተሠሩ ርካሽ ሹካዎች ላይ ይህ ያጋጥማል። መፍትሔው የአክስሉን ጫፍ በሞረድ ማሳጠር ነው፤ ሞረድ የሚፈቀደው እዚህ ብቻ ነው። የዘንጓን ርዝመትም ይዩ፤ ጥርሷ ቢያንስ እስከ ዳዶው ውጫዊ ጫፍ መድረስ አለበት። ዳዶው በሚያርፍበት የሹካ ገጽ ላይ ወፍራም ቀለም ወይም ግራሶ ካለም ይጥረጉት።

ድምፁ ከሌላ ቦታም ሊመጣ ይችላል። ፊቱን አንሥተው ቸርኬውን ከሹካው አጠገብ ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ያወዛውዙ፤ ማንሻው ተዘግቶ ሳለ ጨዋታ ካለ በሞዞው (አክስሉ በሚያልፍበት የጎማው እምብርት) ውስጥ ያሉት ኩሽኔታዎች ላልተዋል። እዚህ ላይ ጠጋኞችም የሚስቱት ነጥብ አለ፦ ማንሻው ሲዘጋ አክስሉን በጥቂቱ ስለሚያሳጥረው፣ ባለ ኮኖ (ከጎን በሚጠብቅ ሾጣጣ ዳዶ የሚያዝ) ኩሽኔታ ማንሻው ክፍት ሆኖ ሳለ ቅንጣት ጨዋታ እንዲኖረውና ሲዘጋ እንዲጠፋ ተደርጎ ነው የሚስተካከለው። ክፍት ሆኖ ሳለ ፍጹም ከተስተካከለ ሲዘጋ ይጨናነቅና ኩሽኔታው ይበላል። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ መሪውን 90 ዲግሪ አዙረው፣ የፊት ፍሬን ይዘው ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፉት፤ አሁንም ከተሰማ የላላው የመሪው አንገት ነው።

ኋላው ላይ ነገሩ አጭር ነው፤ አክስሉን ለማስወጣት የሚታገል ኃይል እንደ ፊቱ አያሳስብም። ማርሹን ወደ ትንሿ የኋላ ጥርስ ይቀይሩ፣ ማንሻውን ይክፈቱ፣ ካቴናውን የምታዘዋውረውን ክንድ ወደ ኋላ ሳብ አድርገው ጎማውን ወደ ታች ይልቀቁት። ሲመልሱ ካቴናው በዚያችው ትንሽ ጥርስ ላይ ይረፍ፣ ጎማው በፍሬሙ እግሮች መካከል መሃል ይሁን። ጉብታ ብዙ ጊዜ ስለሌለ ዳዶውን ማላላት አያስፈልግም።

ማንሻውን በዳዶ ስለ መቀየር፦ እንደሚያስቡት ዘንጓን አውጥቶ ዳዶ ማስገባት አይደለም። ክፍቱ አክስል ወጥቶ ሙሉ ብረት አክስል ይገባል፤ ከፊት 9 ሚሊሜትር፣ ከኋላ 10 ሚሊሜትር። ጥርሱ ከአሮጌው ኮኖ ጋር ካልገጠመ ኮኖውም ይቀየራል። ከዚያ የባሰው ግን ያ የሹካ ከንፈር ነው፦ ሰፊ ሮንዴላ ያለው ዳዶ በከንፈሩ መካከል ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ሳይሆን በከንፈሩ ጫፍ ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የጠበቀ ይመስላል፣ መጨመቂያ ገጹ ግን ሽራፊ ነው። በአግባቡ የገባ ዳዶ ጠንካራ ማሰሪያ መሆኑን አልክድም። ፊኒክስዎ ላይ ዳዶው ትክክል ነው፤ እዚያም የኋላው ከ30 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ይፈልጋል፣ ይኸውም 20 ሴንቲሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ ከ15 እስከ 20 ኪሎ መጫን ያህል ነው፤ የፊቱ ትንሽ ያነሰ። ሁለቱንም ዳዶ ተራ በተራ በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ፤ አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ጎማውን ያዛንፋል። ማርሽ በሌለው ብስክሌት ላይ ጎማውን ወደ ኋላ ስበው ካቴናው መሃሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች 1 ሴንቲሜትር ያህል እንዲጫወት ይተዉለት፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ ፍሬን ካለው ደግሞ የፍሬኑን ክንድ ከፍሬሙ ጋር የሚያስረውን ብሎን አይርሱ፣ ካልታሰረ ክንዱ አብሮ ይዞራል። ይህ ሁሉ ግን ለፊኒክሱ ነው።

የሹካው ጫፍ ወደ ታች የተከፈተ አፍ ሳይሆን ሙሉ ክብ ቀዳዳ የሆነባቸው አዳዲስ ብስክሌቶች ሌላ ዓይነት ናቸው። 12 ወይም 15 ሚሊሜትር ወፍራም አክስል በጥርስ ገብቶ ይጠብቃል፤ የሚጠበቅበት ልክ አብዛኛውን ጊዜ አክስሉ ላይ ተጽፏል። ዲስክ ፍሬን ጎማውን የማስወጣት ችግሩ የተዘጋው በዚህ አሠራር ነው። የእርስዎን ሹካ ወደዚያ መለወጥ አይቻልም፤ ሹካና ሞዞ አብረው መግዛት ይሆናል።

ስርቆቱን ከማሰሪያው ጋር አያምታቱት። ዳዶ ያስገባ ሰው የ15 ቁልፍ የያዘን ሌባ አያቆምም፤ ቁልፉ ደግሞ በየሱቁ አለ። በማንሻው ፋንታ በ5 አለን ቁልፍ የሚጠብቅ ዘንግ መግዛት ይቻላል፤ መንገደኛውን ያዘገያል፣ ለሥራው የመጣውን ግን አያስቸግርም። ልዩ ቁልፍ ያላቸው ዘንጎችም አሉ፤ ቁልፉን ከጣሉ ካላማዳሪያ ለመቀየር ራስዎን ነው የሚያስቸግሩት። ጎማ በትክክል የሚጠበቀው በጓጉንቸር ነው። የዩ ቅርጽ ያለውን ጠንካራ ጓጉንቸር በኋላው ጎማ ቸርኬና በፍሬሙ የኋላ ሦስት ማዕዘን ውስጥ አሳልፈው ከማይነቃነቅ ብረት ጋር ይቆልፉ። የኋላው ጎማ ማርሹን ስለያዘ ውድ ነው፣ መቅደም ያለበት እሱ ነው። የፊቱን ጎማ ከ1 ሜትር ተኩል በማያንስ ገመድ ወይም ሰንሰለት ከዚያው ጓጉንቸር ጋር ያገናኙ። ሌሊት ውጭ የሚያድር ከሆነ የፊቱን ጎማ አውጥተው ወደ ቤት ይዘው መግባት ነው፤ ፓዶቹ ላይ ካርቶኑን ሳይረሱ። ሲመለሱ ማንሻውን ከላይ እንደተጻፈው በሙሉ ሥርዓት ይዝጉ። በተጨማሪም ብስክሌቱን ሰው በሚያልፍበት ቦታ አቁመው ከነበረ ከመንዳትዎ በፊት ማንሻዎቹን በእጅዎ ይንኩ። ልጆች መክፈት ይወዳሉ።

ስለዚህ የእኔ ምክር አንድ ነው፦ ማንሻውን ያስቀሩት። አሁን ያለዎት ካሙ በውጭ የሚታይ፣ ከሥሩ የፕላስቲክ ሮንዴላ ያለበት ርካሹ ዓይነት ከሆነ የፊቱን ብቻ ይቀይሩ፤ ዘንጓ ብረት የሆነች፣ ካሙ በብረት ቤት ውስጥ የተሸፈነ ይግዙ። ርካሹ ዓይነት በተመሳሳይ የእጅ ኃይል የሚሰጠው ጭመቃ ያንሳል፤ ሮንዴላውም እያደር ይሰነጠቃል። ክብደት ለመቀነስ ከአሉሚኒየም ወይም ከቲታኒየም የተሠሩ ዘንጎች ለዲስክ ፍሬን አይሆኑም። ሲገዙ ሞዞውን ይለኩ፦ የዚህ ዓይነት ማውንቴን ባይክ ከፊት 100፣ ከኋላ 135 ሚሊሜትር ነው። የሬስ ብስክሌት የኋላ ዘንግ ለ130 የተሠራ ስለሚሆን ቢገባም ጥርሱ ላይደርስ ይችላል። ከገጠሙት በኋላ ሜዳ ቦታ ላይ፣ በእግር ጉዞ ፍጥነት፣ የፊት ፍሬኑን አምስት ስድስት ጊዜ አጥብቀው ይያዙ። ከዚያ ወርደው ማንሻውን ይክፈቱና መልሰው ይዝጉት፤ ሁለተኛው አዘጋግ ከመጀመሪያው ቀልሎ ከተሰማዎት አክስሉ ገና ቦታውን እየያዘ ነበርና ዳዶውን ሩብ ዙር ጨምረው ይድገሙት።